የነጎድጓድ ልጅ

አያ ገብረ ሥላሴ ዘሩን የማያውቁትን ነገር አይበሉም ነበር። ራብ ከአገራቸው አስወጥቶ፣ ድንበር አሻግሮ፣ ገዳሪፍ አጠገብ ካለ መጠለያ ሸራ ሥር ካስቀመጣቸው በኋላ እንኳ ይህ ልማዳቸው አልለቀቃቸውም። የርዳታ ብስኩት ሲሰጧቸው አገላብጠው ያዩና «ይኸ ደግሞ ከምን ዘር ነው?» ይላሉ። ስንዴ ነው ሲባሉ አማትበው ይበላሉ። ከቆርቆሮ የሚወጣ ነገር ከሆነ ግን ማንም ምሎ ቢገዘት አያምኑም።

እንግዲህ ያ የሰባ ሰባቱ ክፉ ዓመት አልፎ በመጣው መስከረም፣ ልጃቸው ያለምወርቅ በረመጥ ጠብሳ ያቀረበችላቸው ነገር ምን ዕድል ይኖረዋል?

«ምንድን ነው?» አሉ።

«ከማ ይባላል አብዬ። ቆፍሬ ያወጣሁት ነው።»

«ድንች ነው?»

«አይደለም፣ እንጉዳይ ነው። ግን ከመሬት በላይ አይወጣም፤ እዚያው አፈር ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያድገው።»

«የጅብ ጥላ!» አሉና ሳህኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ሥር አለው?»

«የለውም።»

«ቅጠልስ?»

«የለውም።»

«ሲዘሩት አይተሻል?»

«ማንም አይዘራውም። ሰማይ ሲያጉረመርም ይበቅላል ነው የሚሉት። ሱዳኖቹ የነጎድጓድ ልጅ ይሉታል።»

አያ ገብረ ሥላሴ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ሥጋ ሥጋ ይላል። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነበር።

«ሥር የለው፣ ቅጠል የለው፣ አባቱ ነጎድጓድ፣ ሽታው የሥጋ። ልጄ፣ እኔ ዘሩ ያልታወቀ ነገር አልበላም። አንቺም በጾም ቀን ባትቀምሺው ይሻልሻል።»

ያለምወርቅ ሳቀች። እናቷን መንገድ ላይ ከቀበሩ ወዲህ እንዲህ ከሆዷ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳህኑን ከድና አስቀመጠችና ሐሙስ ጧት ብቻዋን በላችው። በጣም ጣፈጣት።

የከማን ነገር ያስተማረቻት ዘሐራ ናት። ዘሐራ አባቷ ከጎንደር የመጡ እስላም ነጋዴ፣ እሷ ግን ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ በአህያ ጋሪ ጨውና ሳሙና እየጫነች መጠለያው ድረስ የምትመጣ ለፍላፊ ሴት ነበረች። ከማ ላመጣላት ሰው ሳሙናና ዘይት ትሰጣለች፤ የገዳሪፍ ባለጸጎች እንደ ጉድ ነው የሚወዱት።

«ጥቁሩን አፈር ተይው» ብላታለች። «እሱ ወላሂ ውሸታም ነው፤ የትም ይሰነጠቃል። ኹሩ ዳር ያለው አሸዋ ላይ፣ ግራር ሥር ፈልጊ። አሸዋው አበጥ ብሎ ከተሰነጠቀ ከማው እዚያ አለ። ትልቁን ታወጫለሽ፣ ትንሹን ትተያለሽ፣ አፈሩን ትመልሻለሽ። ዛፉ ከተቆረጠ ግን በቃ፣ ኻላስ፣ አይመለስም።»

«ለምን?»

«ከዛፉ ሥር ጋር ነዋ የሚኖረው! እናቴ ስትነግረኝ፣ እሱ ለዛፉ ውሃ ይፈልግለታል፣ ዛፉ ደግሞ ያበላዋል። ዘመድ አይደሉም፤ ግን ተለያይተው አይሆንላቸውም።»

ኹር የሚሉት ክረምት ክረምት ብቻ ውሃ የሚሄድበትን ወንዝ ነው። ከመጠለያው ትንሽ ራቅ ይላል። ያለምወርቅ በዚያ ሳምንት አንድ ማለዳ ከአንድ ትልቅ ግራር ጀርባ ተንበርክካ አሸዋውን በጣቷ ስትጭር፣ ዛፉ ከወዲያ በኩል ድው አለ። የቅርፊት ፍንጣሪ ራሷ ላይ ወደቀ። ብድግ አለች።

«አንተ ሰውዬ! ተው!»

ሰውዬው ከመደንገጡ የተነሣ መጥረቢያውን ጣለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ ቅንድቡ ድረስ የከሰል ብናኝ የለበሰ ወጣት ነበር።

«በእመብርሃን!» አለ። «ከየት ወጣሽ?»

«ከመሬት።»

«ዛፉ ያንቺ ነው?»

«አይደለም።»

«ያባትሽ ነው?»

«አይደለም። ግን አትቆርጠውም።»

ወጣቱ ወገቡን ይዞ አያት። ያለምወርቅም ወገቧን ይዛ አየችው። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ያወጣችውን ከማ አሳየችው፤ ዘሐራ የነገረቻትንም ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«እኔ እኮ ከሰል አክስዬ ነው የምበላው» አለ ስታበቃ።

«እኔም ይህን ቆፍሬ ነው የምበላው። የደረቀውን ቁረጥ።»

«የደረቀው ሩቅ ነው።»

«እግር የለህም?»

ወጣቱ እግሩን ቁልቁል አየና ሳቀ። ጥርሱ ከፊቱ ጥቁረት ጋር ሲታይ ሌላ ሰው አስመሰለው። መጥረቢያውን አንሥቶ ሲሄድ ያለምወርቅ በዓይኗ ሸኘችው። ግን ብዙ አልራቀም። ወደ ኹሩ ወርዶ በሁለት እጁ ጭቃ አፍሶ ተመለሰና ዛፉን የመታበት ቁስል ላይ ቀስ አድርጎ ለጠፈበት። በኋላ ዘመን፣ መቼ ወደድሽው ሲሏት፣ ያለምወርቅ ይህችን ጭቃ ነው የምትጠራው።

ስሙ ስማቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸው የደረቀ እንጨት ፍለጋ ሩቅ መሄድ ጀመረ። የሚገርመው ግን ሩቁ መንገድ ሁልጊዜ በዚያ ግራር አጠገብ ማለፉ ነው። ሲሄድ ያልፋል፣ ሲመለስ ያልፋል፤ አንዳንድ ቀን የረሳው ነገር ያለ ይመስል እንደገና ያልፋል። ያለምወርቅም ብትሆን ከማው ያለቀበትን አሸዋ እየዳበሰች ትቆያለች።

«እዚህ ጋ አብጧል!» ይላታል።

«እሱ የጉንዳን ቤት ነው።»

«ታዲያ ይኸኛውስ?»

«እሱ የራስህ ዱካ ነው።»

እንዲህ ሲሳሳቁ አንድ ቀን እውነተኛውን አገኘው። ሁለቱም እኩል እጃቸውን አሸዋው ውስጥ አስገቡና ጣታቸው ከከማው ቀድሞ ተገናኘ። ማንም እጁን አላወጣም፤ ማንም ቀና ብሎ ሌላውን አላየም። ጥቂት ከቆዩ በኋላ ትልቁን አወጡ፣ ትንሹን ተዉት፣ አፈሩን አብረው መለሱ።

«ከአገርህ ስትወጣ ምን ይዘህ ወጣህ?» አለችው የዚያን ዕለት።

«ይህን መጥረቢያ።»

«ሌላስ?»

ስማቸው አፈረ። «ትስቂብኛለሽ።»

«አልስቅም፣ አብዬ ይሙት።»

«አባቶቼን» አላት። «በሬዎቹ አለቁ፣ ቤቱን ዘግተነው ወጣን። አክስቴ ታማ ድንበሩ ላይ፣ ሐምዳይት ቀረች። የቀሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ማታ ማታ ሳልተኛ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። አንዳርጋቸው፣ ውባየሁ፣ ተሰማ፣ እያልኩ ወደ ላይ። ሁሉም ካሉ ልቤ ያርፍና እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ያለምወርቅ አልሳቀችም። የላይኞቹንም አልጠየቀችውም። ማወቅ ፈራች መሰል። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ሰው።

እነሱ አገር የሚያገባ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ስማቸው የሚልከው ዘመድ ስላልነበረው ከመጠለያው ሁለት አዛውንት ለምኖ፣ ፊቱን አጥርቶ ታጥቦ፣ ራሱ ከኋላቸው ቆሞ መጣ። አንደኛው ሽማግሌ «ልጅዎን ለልጃችን ለ...» ብለው ከጀመሩ በኋላ የልጃቸው ስም ጠፋቸውና ዘወር ብለው ጠየቁት። ያለምወርቅ ከሸራው ጀርባ ሆና ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

አያ ገብረ ሥላሴ ግን አልሳቁም። ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከሰል የሚያከስል፣ ሰው የማይነካ፣ ጨዋ ልጅ መሆኑን ሰምተዋል። ቢሆንም ሰባት ቤት ሳይራራቁ ጋብቻ የለምና መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጠየቁ።

«ቁጠር» አሉት።

ስማቸው ይህንንስ ያውቅበታል። ደረቱን ነፋ አድርጎ ጀመረ። «ስማቸው፣ አንዳርጋቸው፣ ውባየሁ፣ ተሰማ፣ ቸኮል...»

«ቆይ» አሉት። «ቸኮል ያልከው የትኛውን ነው? ባላምባራሱን? ያ አንድ ዓይኑ ያልነበረውን?»

«አዎ እሱን።»

አያ ገብረ ሥላሴ ተነሡ። ምርኩዛቸው ወደቀ። «ቸኮል እኮ የአያቴ አባት ነው!» አሉ። ወጣቱን ሁለት ትከሻውን ይዘው አዩት፣ ከዚያ አንገቱን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። «ሥጋዬ! በሰው አገር ሥጋዬን አገኘሁ! ወንድም ቀበርኩ፣ ሚስት ቀበርኩ፣ ዘመድ አልቋል ብዬ ነበር፤ ለካ እግዜር አንድ አስቀርቶልኛል!»

ሽማግሌዎቹም እንባ እንባ አላቸው። ስማቸው እጁ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቆመ። ማንም እምቢ አላለውም፤ ክፉ ቃል የተናገረው የለም። እየታቀፈ ነበር።

«ያለምወርቅ!» አሉ አባቷ። «ነይ ውጪ! ነይ ወንድምሽን ሳሚው! ባንቆጥር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር ልጄ!»

ወጣች። ጉንጩን ሳመችው። እንባው ጨው ጨው አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከመባረር የባሰ ነው። ስማቸው የቤቱ ልጅ ሆነ። አያ ገብረ ሥላሴ ሳያዩት አይውሉም፤ በእጃቸው ካላጎረሱት አይበሉም። ያለምወርቅ ወጥ ታቀርባለች፣ እሱ እጁን ይታጠባል፣ ውሃ ስታፈስለት ሁለቱም ጣሳውን ብቻ ነው የሚያዩት። ድሮ ወሬ የሚያልቅባቸው የማይመስሉ ሰዎች «እንዴት ዋልሽ» «ደኅና» ተባብለው ዝም ይላሉ።

«እንዴት የተዋደዱ እኅትና ወንድም ናቸው!» ይላሉ ጎረቤቶች። «ቃል እንኳ አይለዋወጡ፣ በዓይን ብቻ ይግባባሉ።»

በጥቅምት መግቢያ ከሐምዳይት የመጣ የጭነት መኪና የስማቸውን አክስት አወረደ። እትዬ ባፈና የሚባሉ፣ አጥንታቸው ብቻ የቀረ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ነበሩ። ዘመድ ናቸውና አያ ገብረ ሥላሴ ሸራቸው ሥር አስገቧቸው። ያለምወርቅ አጠበቻቸው፣ አጥሚት አፍልታ አጠጣቻቸው፣ ጠጉራቸውን ቀባቻቸው። ሴትዮዋ ሲበረቱ ስማቸው በገባ ቁጥር ልጅቱ የያዘችውን ሥራ እንደምትረሳ አዩ።

«ልጄ» አሏት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ወንዶቹ በሌሉበት። «ወንድም እንዲህ አይታይም።»

ያለምወርቅ መካድ ፈለገች፤ አልቻለችም። ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እትዬ ባፈና ራሷን ዳበሷት።

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉ በመጨረሻ። «የስማቸው አባት፣ አንዳርጋቸው፣ እኔ ወንድሜ የምለው፣ ከእኛ ቤት አልተወለደም። አባቴ ውባየሁ ከገበያ ሲመለሱ ነው ያመጡት። ጥጥ ለቀማ ቆላ የወረዱ ባልና ሚስት ንዳድ ገድሏቸው፣ ልጁ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኙት። የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። አባቴ አሳደጉት፣ አባቶቻችንን አስቆጠሩት። ኋላ ርስት እንዳይከለክሉት ብለው ነገሩን ቀበሩት። ይህን የሚያውቅ ሰው ዛሬ እኔ ብቻ ነኝ።»

የያለምወርቅ ልብ ዘለለ። ዘመዷ አይደለም! ተነሥታ ልትሮጥ፣ ኹሩ ድረስ ሮጣ ልትጮኽለት ፈለገች። ከዚያ ማታ ማታ የሚጠራቸው ስሞች ትዝ አሏትና ተመልሳ ተቀመጠች።

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም። አባቱም ሳይነግረው ሞተ። ልንገረው? ከነገርኩት ያንቺ ይሆናል።»

«አባቶቹንስ?»

«እነሱን ያጣቸዋል» አሉ እትዬ ባፈና።

በማግስቱ ያለምወርቅ ብቻዋን ወደ ኹሩ ወረደች። ስማቸው የለጠፈው ጭቃ ደርቆ ዛፉ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። እዚያ ሆና ብዙ አሰበች። አገሩን አጥቷል፣ በሬውን አጥቷል። እኔን አግኝቶ ከአንዳርጋቸው ወዲያ ባዶ ሜዳ ከሚያይ፣ እኔን አጥቶ ማታ ልቡ አርፎ ይተኛ አለች። ደግሞም አባቷ ነበሩ፤ በሰው አገር ያገኙትን አንድ ዘመድ እንዴት ትነጥቃቸዋለች? ፍቅር ራስ ወዳድ ነው የሚሉ ሰዎች ያን ቀን ያለምወርቅን አላዩም። እየወደደችው፣ እየፈለገችው ተመለሰች።

«አይንገሩት» አለች። «ይማሉልኝ።»

እትዬ ባፈና ማሉላት።

ሳምንት ሳይሞላ ስማቸው ሀዋታ ወደሚባል አገር ሰሊጥ አጨዳ ሊሄድ መሆኑን ተናገረ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ያለምወርቅ አጠገቧ መቀመጡ መርሮት ነው ብላ አሰበች።

«ትመለሳለህ?» አለችው።

«እንጃ።»

አያ ገብረ ሥላሴ ከአገር ለብሰውት የመጡትን ብቸኛ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት። «ሥጋዬን ብርድ አይንካው» አሉ። ስማቸው ጋቢውን ሲቀበል ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

አንድ ዓመት ሙሉ አልመጣም። የሰሊጡ አጨዳ አለፈ፣ የማሽላው አለፈ፣ በጋው መጥቶ ጥቁሩ አፈር እግር እስኪውጥ ድረስ ተሰነጠቀ። ያለምወርቅ ዘሐራን ስታገኝ ከሀዋታ የመጣ ሰው እንዳለ ትጠይቃለች። ዘሐራም «ማፊ፣ የለም እኅቴ» ትላታለች። ናፈቃት፤ ሌላ ቃል የለውም። አባቷ ደግሞ አገር ደኅና ዘንቧል መባሉን ሰምተው ከአዝመራው በኋላ ለመመለስ ቆርጠዋል። ከዚያ ወዲያ በምን ይገናኛሉ?

መስከረም ላይ ሰማዩ ሌሊቱን ሲያጉረመርም አደረ። ሲነጋ ያለምወርቅ ወደ ኹሩ ሄደች። ባለፈው ዓመት አብረው አፈር የመለሱበት ቦታ ላይ አሸዋው አበጥ ብሎ ተሰንጥቋል። ተንበርክካ ስትጭር ከዛፉ ወዲያ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ዞረች። የአባቷ ጋቢ ታጥፎ በክንዱ ላይ አለ።

«ከየት ወጣህ?» አለች።

«ከመሬት።»

ሳቀችና አለቀሰች። ስማቸው ከአጠገቧ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለ። «ከነገርኩሽ በኋላ ብታባርሪኝ አልቀየምም። እኔ የቸኮል ልጅ አይደለሁም። አክስቴን ለብቻዋ ስታለቅስ አግኝቼ ጨቅጭቄ አወጣሁት፤ ሀዋታ የሄድኩት በዚያ ምክንያት ነው። አባቴ ዛፍ ሥር የተገኘ ልጅ ነው። የማን ዘር እንደሆንኩ አላውቅም። ዘመድሽ አለመሆኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። አባትሽ ፊት ምን ብዬ ልቁም? ያለ አባት እንዴት ሴት ይጠየቃል?»

«አውቃለሁ» አለች ያለምወርቅ።

«ምኑን?»

«ሁሉን። አክስትህ አምና ጥቅምት ነው የነገሩኝ።»

ስማቸው ወደ እሷ ዞረ። «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው? ልታገኚኝ ስትችዪ?»

«ማታ ማታ ትጠራቸው የለ? እንዴት አድርጌ ልንጠቅህ?»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ትልቅ ሰው እንደሚያለቅሰው ድምፅ ሳያሰማ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ። ሲበቃው ያለምወርቅ፣ «ታዲያ ምን አመጣህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ሀዋታ ማታ ማታ የጎንደር ልጆች እየተሰበሰቡ የማን ነህ፣ የማን ነህ ይባባላሉ። እኔ እንቅልፍ መጣ እያልኩ እሸሽ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ያዙኝ። የአንዳርጋቸው ብዬ አቆምኩ። ምን የሚመጣ መሰለሽ? ሽማግሌው እሺ አሉና ያን ኪስራ እንጀራ ወዲህ አቀብለኝ አሉኝ። ወስደው በሉ። አለቀ። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። እጃቸውንም አሸዋው ውስጥ አስገቡ።

አያ ገብረ ሥላሴ ስማቸውን ሲያዩ «ሥጋዬ!» ብለው ሊያቅፉት ተነሡ። እሱ ግን ወደ ኋላ አለና ጋቢውን እግራቸው ሥር አስቀመጠ።

«ይውሰዱት» አለ። «እኔ ሥጋዎ አይደለሁም።»

ቆሞ ሁሉን ነገራቸው። እትዬ ባፈና ከጥጋቸው ሆነው ራሳቸውን እየነቀነቁ መሰከሩ። ያለምወርቅ ያመጣቻቸውን ከማዎች ረመጥ ውስጥ ቀብራ እጇን አጣምራ ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

አያ ገብረ ሥላሴ ተቀመጡ። ዓመት ሙሉ ለወዳጅ ለጎረቤቱ ሁሉ ዘመድ አገኘሁ ሲሉ ኖረዋል። ፊታቸው ላይ ያ ዘመድ ሲጠፋ ታየ።

«ጡት ጠብቷል?» አሉ ወደ ባፈና ዞረው። «አባቱ፣ ከናትሽ ጡት? ጡትም ያዛምዳል።»

«አልጠባም። ጡት ጥሎ የመጣ ልጅ ነበር።»

ከረመጡ ሽታ ተነሣ።

«ያ ነገር እያረረብሽ ነው» አሉ ለልጃቸው። አወጣችው። አያ ገብረ ሥላሴ እያዩት፣ «እስኪ ንገሪኝ፣ ዛፉ ይህን አያባርረውም?»

«አያባርረውም አብዬ። አብረው ነው የሚኖሩት። አንዱ ከሌለ ሌላውም ይደክማል።»

«ዘመዱ ሳይሆን?»

«ዘመዱ ሳይሆን።»

አያ ገብረ ሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ስማቸው ዞሩ።

«ቁጠር።»

«ስማቸው። አንዳርጋቸው።» አቆመ።

«ቀጥል።»

«ከዚያ በላይ የለኝም።»

«አለህ» አሉ ቆጣ ብለው። «ማታ ማታ እንደምትጠራቸው ልጄ ነግራኛለች። ውባየሁ አብልቶ ያሳደገ ሰው ነው፤ እሱ ከቁጥር አይወጣም። ማታ ስትተኛ ውባየሁንም፣ ተሰማንም፣ ቸኮልንም ጥራቸው፤ የሚከለክልህ ካለ እኔ የቸኮል ልጅ አለሁ። ሴት ስትጠይቅ ግን አንዳርጋቸው ላይ ታቆማለህ። ገባህ?»

ስማቸው ገባው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አያ ገብረ ሥላሴ ጋቢውን ከመሬት አንሥተው አራገፉና መልሰው ትከሻው ላይ ጣሉለት፤ ሰፊ ነበርና የዳር ጫፉ አጠገቡ የቆመችውን ያለምወርቅንም ነካት።

ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ጨው አምጪ» አሉ።

አያ ገብረ ሥላሴ አማተቡ፣ ከከማው ቆረሱ፣ ጨው ነካ አድርገው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ።

«ሥጋ ነው አብዬ?» አለች ያለምወርቅ።

«አይደለም።»

«ተክል ነው?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አያ ገብረ ሥላሴ ዋጡ። ሌላ ቆርሰው ለስማቸው አጎረሱትና፣ «ጥሩ ነው» አሉ።